የመግቢያው ዋጋ፦ የቤቲ ፎርድ መጽሐፍና የሴቶች የሱስ ማገገሚያ ማዕከላት

ስለ ሱስ ሕክምና በሚጻፉ ጽሑፎች ውስጥ ዘወትር የሚነሣው ጥያቄ «ታካሚው በማዕከሉ ውስጥ ምን ተደረገለት?» የሚል ነው። ምን ዓይነት ምክር ተሰጠው፣ ምን መድኃኒት ወሰደ፣ ስንት ቀን ቆየ፣ ከወጣ በኋላስ ሕመሙ አገረሸበት ወይስ አላገረሸበትም? እነዚህ ሁሉ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ታካሚዋ ሴት በምትሆንበት ጊዜ ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ወደ ማዕከሉ ለመግባት ምን መክፈል ነበረባት?» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ዋጋ ስንል ገንዘብን ብቻ ማለታችን አይደለም። ልጅን ለሌላ ሰው ትቶ መሄድ፣ «ሰካራም እናት» የሚል ስም መሸከም፣ በአንዳንድ አገሮችም ልጅን በሕግ መነጠቅና መታሰር ጭምር የዋጋው ክፍሎች ናቸው።

ይህን ጥያቄ ለመመርመር አንድ መጽሐፍ መነሻ ይሆነናል። የአሜሪካ 38ኛ ፕሬዚዳንት የነበሩት የጄራልድ ፎርድ ባለቤት ወይዘሮ ቤቲ ፎርድ ከጸሐፊዋ ከክሪስ ቼዝ ጋር ሆነው ያዘጋጁትና እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመው፣ ርዕሱ በአማርኛ «ቤቲ፦ አስደሳች መንቃት» ሊባል የሚችለው የሕይወት ታሪክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ወይዘሮ ፎርድ በ1982 በካሊፎርኒያ፣ ራንቾ ሚራዥ በተባለች ከተማ ስማቸውን የያዘውን የሱስ ሕክምና ማዕከል ከሊዮናርድ ፋየርስቶን ጋር የመሠረቱ በመሆናቸው፣ መጽሐፋቸው የአንዲት ታካሚ የግል ታሪክ ብቻ ሳይሆን ሴት ከሱስ ለመላቀቅ ምን ዓይነት ቤት እንደሚያስፈልጋት የሚያስረዳ ሰነድም ነው። በዚህ ሂስ ውስጥ የምናቀርበው ፍርድ በአጭሩ ይህ ነው፦ መጽሐፉ በሕክምና ዓይን ሲታይ እውነተኛ፣ በድፍረቱም የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን ደራሲዋ ራሳቸው ያልከፈሉትን ዋጋ አያይም። ያ ያልታየው ዋጋ ደግሞ የብዙ ሴቶችን ሕይወት የሚወስን ነው።

መጽሐፉ ምን ይነግረናል?

ታሪኩ የሚያጠነጥነው በ1978 ዓ.ም. የጸደይ ወራት ላይ ነው። ወይዘሮ ፎርድ ከ1964 ጀምሮ በአንገታቸው ነርቭ ላይ በደረሰ ሕመም፣ በኋላም በመገጣጠሚያ ሕመም ምክንያት ሐኪሞች የሚያዙላቸውን የሕመም ማስታገሻና የማረጋጊያ መድኃኒት ሲወስዱ ኖረዋል። አልኮሉ ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ ነበር። ባለቤታቸው ከሥልጣን ወርደው ወደ ካሊፎርኒያ ከተዛወሩ በኋላ ሁኔታቸው እየከፋ ሄደ። ሴት ልጃቸው ሱዛን በአንድ ሐኪም እየታገዘች መጀመሪያ ልታነጋግራቸው ብትሞክር ተቆጥተው አሰናበቷቸው። ከዚያም ሚያዝያ 1 ቀን ባለቤታቸውና አራቱ ልጆቻቸው ከባለሙያዎች ጋር ሆነው በአንድነት ተቀምጠው ያዩትን ሁሉ ፊት ለፊት ነገሯቸው። ስድሳኛ ዓመታቸውን ባከበሩ በሁለተኛው ቀን በሎንግ ቢች የባሕር ኃይል ሆስፒታል ወደሚገኘው የአልኮልና የመድኃኒት ሱስ ማገገሚያ ክፍል ገቡ።

በመጽሐፉ ውስጥ ለጤና ባለሙያ እጅግ ጠቃሚ ሆነው ያገኘናቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። የመጀመሪያው የአልጋው ጉዳይ ነው። ወይዘሮ ፎርድ የግል ክፍል ይሰጠኛል ብለው ሲጠብቁ አራት አልጋ ካለበት፣ ሌሎች ሴቶች ካሉበት ክፍል ተመደቡ። ቅሬታቸውን ባሰሙ ጊዜ የክፍሉ ኃላፊ የነበሩት የሥነ አእምሮ ሐኪም ዶክተር ጆሴፍ ፐርሽ፣ የግል ክፍል የግድ ይሁን ካሉ ሌሎቹን ሴቶች እንደሚያስወጡ ገለጹላቸው። እርሳቸውም ሴቶቹ በእርሳቸው ምክንያት እንዳይወጡ ሲሉ በክፍሉ ለመኖር ተስማሙ። ሐኪሙ በዚህ ውሳኔ የታካሚዋን ክብር አልነኩም፤ ከበሽታው ጋር አብሮ የኖረውን መገለል ግን ሰበሩት። በአንድ ማዕከል ውስጥ አብሮ መኖር በራሱ የሕክምናው አካል መሆኑን ከዚህ በተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ሁለተኛው የመግለጫው ጉዳይ ነው። ለሕዝብ በመጀመሪያ የተነገረው ወይዘሮዋ መድኃኒት ከመጠን በላይ መውሰዳቸው ብቻ ነበር። የአልኮሉን ነገር ለማመን ተጨማሪ ቀናት ፈጅቶባቸዋል። ምክንያታቸውም ባለቤቴን አሳፍራለሁ የሚል ነበር። ሐኪሙ ይህን ምክንያት አልተቀበሉትም፤ ባለቤታቸውም ፈጽሞ እንደማያፍሩ በፊታቸው ተናገሩ። ልምድ ያለው ባለሙያ ይህን ሲያነብ አንድ የታወቀ እውነት ያስተውላል። በሐኪም እጅ የተጻፈ መድኃኒት ለሴቲቱ መሸሸጊያ ይሆናታል፤ «ታምሜ ነው» ያሰኛታል። ጠርሙሱ ግን «ነውረኛ ነሽ» ይላታል። ስለዚህም ሴቶች ስለ ክኒኑ ቀድመው ይናገራሉ፤ ስለ መጠጡ የሚናገሩት መጨረሻ ላይ ነው፤ አንዳንዶቹም እስከ ሞት ድረስ አይናገሩም።

መጽሐፉ የማያየው

እስከዚህ ድረስ መጽሐፉን በምስጋና እንቀበለዋለን። ሆኖም ከደራሲዋ ሁኔታ ጋር የተያያዘ አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት። ወይዘሮ ፎርድ ወደ ሎንግ ቢች ሲሄዱ የመጨረሻ ልጃቸው ሃያ ዓመት ሆኗታል። ቤት ውስጥ የሚጠባ ሕፃን፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ አልነበረም። ለአንድ ወር ያህል ከቤት መራቃቸው የማንንም ሕፃን ራት አላጓደለም። ባለቤታቸው አብረዋቸው ቆመዋል እንጂ አልፈቷቸውም። አልጋ ለማግኘት ተራ አልጠበቁም። ከሁሉም በላይ፣ እውነቱን በመናገራቸው ምክንያት ፍርድ ቤት የሚያቀርባቸው ወይም ልጃቸውን የሚወስድባቸው አንድም ሰው አልነበረም። እውነቱን ሲናገሩ ያገኙት የሕዝብ ፍቅር ነው።

ይህን የምንለው ድፍረታቸውን ለማሳነስ አይደለም። በ1974 ዓ.ም. የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ባደረጉ ጊዜም ሕመማቸውን ለሕዝብ ገልጸው ብዙ ሴቶች እንዲመረመሩ ምክንያት የሆኑ ሴት ናቸው። ነገር ግን መጽሐፉ ሕክምናን ለመጀመር የሚያግደውን ነገር በዋናነት በታካሚዋ ልብ ውስጥ ያስቀምጠዋል። እንቅፋቱ ክህደት ነው፤ መፍትሔውም ማመን ነው ይላል። ይህ አባባል ለደራሲዋ እውነት ነው፤ ልጅ ላላት ድሃ እናት ግን ግማሽ እውነት ነው። እርሷ መታመሟን አምና በሩን ብታንኳኳ እንኳ የሚጠብቃት ሌላ እንቅፋት አለ፤ እርሱም ያለው በቤቱ ሕግ ውስጥ እንጂ በልቧ ውስጥ አይደለም።

የአወቃቀሩም ነገር ይህንኑ ያሳያል። በመጽሐፉ ውስጥ ከደራሲዋ ድምፅ ጋር የባለቤታቸውና የልጆቻቸው ድምፅ እየተፈራረቀ ይሰማል። ይህ ዘዴ ትረካውን ሕያው ያደርገዋል፤ ሱስ የቤተ ሰብ ሁሉ ሕመም መሆኑንም በሚገባ ያስረዳል። ነገር ግን የምንሰማው በታካሚዋ ዙሪያ የቆዩትን ሰዎች ድምፅ ነው። ባሏ ትቷት የሄደ፣ ዘመዶቿ የከዷት፣ ልጆቿ ከእርሷ የተወሰዱባት ሴት ታሪኳን ብትጽፍ ኖሮ ከእርሷ ድምፅ ጋር የሚፈራረቅ ድምፅ ባልተገኘ ነበር።

ለወንዶች የተሠሩ ቤቶች

ጉድለቱ የመጽሐፉ ብቻ አይደለም፤ የማዕከላቱ ታሪክም ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ1935 ዓ.ም. በኬንታኪ ግዛት፣ በሌክሲንግተን ከተማ ለአደንዛዥ ዕፅ ሱሰኞች የከፈተው ታላቅ ሆስፒታል ግማሹ እስር ቤት፣ ግማሹ የሕክምና ቦታ፣ ዙሪያውም እርሻ ነበር። ሴቶችን መቀበል የጀመረው በ1941 ነው። ከዚያ ወጥተው ወደ ኒው ዮርክ ከተማ የተመለሱ ታካሚዎች ላይ የተደረገና በ1962 የታተመ የክትትል ጥናት ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ወደ ዕፁ መመለሳቸውን፣ አብዛኞቹም በስድስት ወር ውስጥ መሆኑን አረጋግጧል። ሰውን ከኑሮው አውጥቶ ማኖር፣ ከዚያም ወደዚያው ኑሮ መልሶ መልቀቅ ብቻውን ፈውስ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

በሚኒሶታ ግዛት የሚገኘው ሄዝልደን ማዕከል በ1949 ዓ.ም. ሲከፈት ለወንዶች ነበር። ለሴቶች ዲያ ሊን የተባለውን የተለየ ቤት በኋይት ቤር ሌክ የከፈተው በ1956 ነው። ወይዘሮ ፎርድ ራሳቸው የታከሙት በአብዛኛው ለባሕር ኃይል ወንዶች በተዘጋጀ ክፍል ውስጥ ነው። በኋላ በመሠረቱት ማዕከል ለሴቶች የወንዶችን ያህል ቦታ እንዲኖርና ሴቶች ለብቻቸው እንዲታከሙ መትጋታቸው ከዚህ ልምድ የመነጨ በመሆኑ ታላቅ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ «ለሴቶች ለብቻ» ማለትና «ሴቶች ሊገቡበት የሚችሉ» ማለት አንድ አይደሉም።

በዚህ ረገድ ዶክተር ዌንዲ ቻቭኪን በኒው ዮርክ ከተማ ያደረጉትና በ1990 የታተመው ጥናት ሁልጊዜ ሊታወስ ይገባዋል። ከተጠየቁት 78 የሱስ ሕክምና ፕሮግራሞች ውስጥ ከመቶ 54 የሚሆኑት ነፍሰ ጡርን ፈጽሞ አይቀበሉም ነበር። ከመቶ 67 የሚሆኑት ደግሞ በመንግሥት የድሆች መድን የምትታከም ነፍሰ ጡርን አይቀበሉም። በዚያው መድን የምትታከመው ሴት የክራክ ኮኬይን ሱሰኛ ከሆነች 87 በመቶዎቹ በሩን ይዘጉባታል። በሌላ አነጋገር ሕክምናው ይበልጥ ባስፈለጋት መጠን በሩ ይበልጥ እየጠበበ ይሄድ ነበር።

ሆስፒታል ወደ ፖሊስ ሲደውል

በሩ የተዘጋባት ሴት ወዴት ትሄዳለች? የሳውዝ ካሮላይና ግዛት ከተማ የሆነችው ቻርለስተን በዚያው ዘመን የሰጠችው መልስ ለጤና ባለሙያ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ነው። በ1989 ዓ.ም. የግዛቱ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከፖሊስና ከዐቃቤ ሕግ ጋር በመስማማት ለእርግዝና ክትትል የሚመጡ የተወሰኑ ሴቶችን ሽንት ለኮኬይን መመርመርና ውጤቱን ለፖሊስ ማሳወቅ ጀመረ። በኋላ ሕክምና ለመውሰድ የተስማማች ሴት እስራቱ እንዲቀርላት ቢደረግም፣ በጠቅላላው 30 ሴቶች ታስረዋል፤ ከእነዚህም 29ኙ ጥቁር ነበሩ። የሕግ ምሁሯ ዶርቲ ሮበርትስ በ1997 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደ ጻፉት፣ ይህ አሠራር ሲጀመር በመላው ግዛቱ ለሴቶች የተዘጋጀ ተኝተው የሚታከሙበት አንድም የሱስ ማዕከል አልነበረም። «ታከሚ፤ ካልታከምሽ ትታሰሪያለሽ» የተባለችው ሴት ልጆቿን ይዛ የምትታከምበት ቤት አልነበራትም ማለት ነው።

ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ መጋቢት 21 ቀን 2001 በስድስት ድምፅ ለሦስት፣ ያለ ታካሚዋ ፈቃድ ለፖሊስ ዓላማ የሚደረገው ምርመራ ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ መሆኑ ተወሰነ። ነገር ግን ሐሳቡ በዚያ አልቆመም። የቴነሲ ግዛት በ2014 ዕፅ የወሰደች ነፍሰ ጡርን በወንጀል የሚያስከስስ ሕግ አውጥቶ፣ ሕጉ ጊዜው አልፎበት እስከ ቀረበት እስከ 2016 ድረስ ሠርቶበታል። እነዚህ እርምጃዎች የሚያስከትሉትን ማንኛዋም አዋላጅ ነርስ ታውቀዋለች፤ የፈራች እናት ክትትሏን ታቋርጣለች። ከመታሰር የምትድነው ከእኛ በመራቅ ነው ብላ ካመነች፣ የምንሰጠው እንክብካቤ ምንም ያህል የላቀ ቢሆን አይደርሳትም።

ልጅ ሲገባ እናት ትቆያለች

ከዚህ ሁሉ በኋላ ማስረጃው ምን ይላል? በእኛ ግምት በዚህ መስክ ከተሠሩት ሁሉ በጣም አስተማሪ የሆነው በፍሎሪዳ የተደረገውና በ1995 የታተመው የሂዩዝና የባልደረቦቹ ጥናት ነው። የኮኬይን ሱስ የነበረባቸው 53 እናቶች በዕጣ በሁለት ተከፍለው፣ አንዱ ክፍል ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ማዕከሉ እንዲገቡ፣ ሌላው ክፍል በተለመደው አሠራር ብቻቸውን እንዲገቡ ተደረገ። ልጆቻቸውን ይዘው የገቡት በአማካይ 300 ቀን ያህል ሲቆዩ ብቻቸውን የገቡት 102 ቀን ያህል ብቻ ቆዩ። ጥናቱ አነስተኛ መሆኑን መካድ አይገባም። ነገር ግን በአንድ ቤት፣ በአንድ ዓይነት ሕክምና ውስጥ፣ የልጅ መኖር ብቻ የቆይታውን ጊዜ ወደ ሦስት እጥፍ ሲያሳድገው ማየት እናትን ከሕክምና የሚያስወጣት ምን እንደ ሆነ ያመለክታል። ለአቋሟ ድካም ብለን የምንጽፍባት ነገር ብዙ ጊዜ የእናትነት ናፍቆትና ሥጋት ነው።

የአሜሪካ ምክር ቤት በ1992 ባወጣው ሕግ ነፍሰ ጡሮችና አራሶች ከልጆቻቸው ጋር ገብተው ለሚታከሙባቸው ማዕከላት ልዩ ድጎማ ፈቅዷል፤ ነፍሰ ጡሮችም በመንግሥት ገንዘብ በሚደገፉ ፕሮግራሞች ሁሉ ቅድሚያ እንዲያገኙ አዟል። በእነዚህ ማዕከላት ላይ የተደረጉ ግምገማዎች ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የቆዩ እናቶች ቶሎ ከወጡት የተሻለ ውጤት ማግኘታቸውን ያሳያሉ። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ብዙዎቹ ግምገማዎች መነጻጸሪያ ቡድን የላቸውም። ረጅም ጊዜ የምትቆይ ሴት መጀመሪያውኑ የተሻለ ድጋፍ ወይም የቀለለ ሕመም ያላት ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ «ቆይታው አዳናት» ከማለታችን በፊት «ለመቆየት ያስቻላት ምንድን ነው?» ብለን መጠየቅ ይኖርብናል። ልጆቻቸውን ይዘው በገቡትና ብቻቸውን በገቡት መካከል በዕጣ የተመደበው የፍሎሪዳው ጥናት ከፍ ያለ ዋጋ የሚሰጠውም ለዚህኛው ጥያቄ መልስ ስላለው ነው።

ሃያ ስምንት ቀንና ከዚያ በኋላ

በአሜሪካ ማዕከላት ዘንድ እንደ ቀኖና የተያዘው የሃያ ስምንት ቀን ቆይታ ከልማድና ከመድን ክፍያ የመጣ እንጂ በጥናት የተገኘ መጠን አይደለም። የወይዘሮ ፎርድ ታሪክ ለዚህ ልማድ ተወዳጅነት አስተዋጽኦ አድርጓል ብንል አንሳሳትም፤ አንባቢው ገብተው፣ አልቅሰው፣ አምነው፣ ድነው ሲወጡ ያያቸዋልና። እውነቱን ለመናገር መጽሐፉ ማገገም ዕድሜ ልክ የሚቀጥል መሆኑን ደጋግሞ ይገልጻል። በአንባቢው አእምሮ የሚቀረው ግን የመግባትና የመውጣት ታሪክ ነው።

አደጋው መቼ እንደሚበረታ በማሳቹሴትስ ግዛት የተደረገውና በ2018 የታተመው ሰፊ ጥናት አሳይቶናል። የኦፒዮይድ ሱስ ባለባቸው ወላዶች ዘንድ ከመጠን በላይ ዕፅ በመውሰድ የሚደርሰው አደጋ ዝቅተኛ የሆነው በእርግዝናው የመጨረሻ ሦስት ወራት ሲሆን፣ ከፍተኛ የሆነው ከወሊድ በኋላ ከሰባተኛው እስከ ዐሥራ ሁለተኛው ወር ነው። ምክንያቱን መገመት አያዳግትም። በእርግዝና ጊዜ ሁሉም ሰው ስለ ማሕፀኑ ሲል ይንከባከባታል፤ ከወለደች በኋላ ግን ዓይን ሁሉ ወደ ሕፃኑ ይዞራል። ክትትሉ ይቀንሳል፤ እንቅልፍ ያጥራል፤ ድብርት ይመጣል፤ ሰውነቷም የቀድሞውን መጠን የሚሸከምበትን ልማድ አጥቷል።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው የመድኃኒት ጉዳይ ነው። በ2010 የታተመውና በእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃሉ «ማዘር» የተባለው ጥናት ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጡትን ጥቅም አነጻጽሯል። ቡፕረኖርፊን ከወሰዱ እናቶች የተወለዱ ሕፃናት ለማቋረጥ ምልክቶቻቸው ያስፈለጋቸው ሞርፊን በ89 በመቶ፣ በሆስፒታል የቆዩበት ጊዜም በ43 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ሜታዶን የወሰዱት እናቶች ግን በሕክምናው ውስጥ የመቆየታቸው ነገር የተሻለ ነበር፤ ስለዚህ ሁለቱም መድኃኒቶች ቦታ አላቸው። ሆኖም «ንጹሕ ሆና ካልገባች አንቀበላትም» በማለት እነዚህን መድኃኒቶች የሚከለክሉ ማዕከላት ኖረዋል። ይህ ሌላው የመግቢያ ዋጋ ነው። ያለ መድኃኒት ለሳምንታት የቆየች ሴት በሩን ወጥታ የቀድሞውን መጠን ብትወስድ ልትሞት እንደምትችል እያወቁ መድኃኒቱን መከልከል በሕክምና ሥነ ምግባር ፊት የሚቆም አቋም አይደለም።

ገንዘብ የሚከተለው ማንን ነው?

የማንኛውም ማዕከል እውነተኛ ፖሊሲ የሚታወቀው ከግድግዳው ጥቅስ ሳይሆን ከሒሳብ መዝገቡ ነው። የአሜሪካ የድሆች መድን ከ1965 ጀምሮ በአእምሮ ሕክምና ተቋም ተኝተው ለሚታከሙ ጎልማሶች አልከፍልም የሚል አንቀጽ ነበረው። በዚህም መሠረት ዕድሜዋ ከ21 እስከ 64 የሆነች ሴት ከ16 አልጋ በላይ ባለው የሱስ ማገገሚያ ማዕከል ብትታከም የፌዴራሉ መንግሥት ድርሻውን አይከፍልም ነበር። በ2018 የወጣ ሕግ ይህን ክልከላ አላልቶታል። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ ይበልጥ መሠረታዊ ለውጥ አምጥቷል። ቀድሞ መንግሥት ልጁን ከእናቱ ለይቶ ለአሳዳጊ ቤተ ሰብ ሲሰጥ ይከፍል የነበረውን ገንዘብ፣ ልጁ ከእናቱ ጋር በማገገሚያ ማዕከል ሲኖር እስከ 12 ወር ድረስ ሊከፍል ይችላል። ለረጅም ዘመን ገንዘቡ እናትና ልጅ ሲለያዩ ይመጣ ነበር፤ አሁን አብረው ሲኖሩም እንዲመጣ ተፈቀደ። የወይዘሮ ፎርድ መጽሐፍ ከታተመ 31 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ለእኛ የሚተርፈው ትምህርት

ይህ የአሜሪካ ታሪክ ነው፤ በአገራችን ያለው ሁኔታም፣ ዕፁም የተለየ ነው። ይሁን እንጂ በአገራችን የሱስ ሕክምና ገና በመስፋፋት ላይ ያለ ስለ ሆነ፣ ሌሎች ብዙ ዘመን ወስደው ያረሙትን ስሕተት ሳንደግም ለመጀመር ዕድሉ አለን። እኛ ዘንድ አረቄና ጠላ የምታወጣው፣ የምትሸጠው፣ ስለ ሙያዋም ቀምሳ የምታረጋግጠው በአብዛኛው ሴት ናት። የጠጣ ወንድ በመንገድ ላይ ይታያል፤ የጠጣች ሴት ግን በጓዳ ትሰወራለች። ወደ እኛ ስትመጣም በራስ ምታት፣ በጨጓራ፣ በእንቅልፍ ማጣት ስም ትመጣለች።

ሌላው ሊተኮርበት የሚገባ ነገር በእጃችን ያለው ሀብት ነው። በባህላችን ሕመምተኛ ብቻውን ሆስፒታል አይገባም፤ አስታማሚ አብሮት ይኖራል። ለጸበል የምትሄድ እናትም ሕፃኗን አዝላ፣ ዘመድ አስከትላ ሄዳ ሳምንታት ትቀመጣለች። በፍሎሪዳ በጥናት የተረጋገጠውን ነገር የእኛ ልማድ በከፊል ያውቀዋል ማለት ነው። እንግዲህ ማዕከል በምንሠራበት ጊዜ ታካሚዋን ከልጇና ከአስታማሚዋ ለይቶ ለሃያ ስምንት ቀን የሚዘጋውን አሠራር «ዘመናዊ ነው» ብለን ብንቀዳ፣ ያለንን ጥለን ሌሎች የጣሉትን ማንሣት ይሆንብናል። በአንጻሩ ደግሞ የአራስ ቤት እንክብካቤያችን በክርስትናው ወይም በአርባው ቀን አካባቢ የሚያበቃ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል፤ ከላይ እንዳየነው አደጋው ከዚያ በኋላ ሊበረታ ይችላልና።

ማዕከል እስኪሠራ ድረስም በየክሊኒኩ ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። በእርግዝና ክትትል ጊዜ ስለ መጠጥ፣ ስለ ጫት፣ ስለ እንቅልፍና ስለ ሕመም ክኒን ባሏና አማቷ በሌሉበት መጠየቅ፤ ጥያቄውንም እንደ መርማሪ ሳይሆን እንደ አዋላጅ መጠየቅ። ለረጅም ጊዜ ብዙ የጠጣች ወይም የማረጋጊያ መድኃኒት የወሰደች ሴትን «ዛሬውኑ ተዪ» ብሎ ከመሸኘት መቆጠብ፤ ያለ ክትትል በድንገት ማቆም የሚጥል ሕመምና ሞት ሊያስከትል ይችላልና። የነገረችንን ምስጢር መጠበቅ። የእርግዝናው ክትትል ሲያበቃ የሱሱን ክትትል አለማቆም። ወደ ሕክምና ስንልካትም «ፈቃደኛ ነሽ ወይ?» ከማለታችን በፊት «ልጁን ማን ይይዝልሻል?» ብለን መጠየቅ። ለዚህ ጥያቄ መልስ ካልተገኘ የጻፍነው የሪፈር ወረቀት ከወረቀትነት አያልፍም።

ማጠቃለያ

የወይዘሮ ቤቲ ፎርድን መጽሐፍ ማንበብ ለጤና ባለሙያ ጠቃሚ ነው። በሐኪም ትእዛዝ የሚጀምረውን ሱስ፣ በቤተ ሰብ ፊት የሚሰበረውን ክህደት፣ በአንድ ክፍል አብሮ በመኖር የሚሽረውን እፍረት ከእርሱ በበለጠ ግልጽነት የሚያሳይ የግል ታሪክ ጥቂት ነው። ደራሲዋ በ2011 ዓ.ም. በ93 ዓመታቸው እስካረፉ ድረስም የጻፉትን ኖረውታል። ነገር ግን መጽሐፉ መነበብ ያለበት በሎንግ ቢች በር ላይ ያልደረሱትን ሴቶች በማሰብ ነው፤ በኒው ዮርክ በሩ የተዘጋባቸውን፣ በቻርለስተን ለክትትል መጥተው የታሰሩትን፣ በፍሎሪዳም ልጃቸውን ትተው መቆየት አቅቷቸው ወጥተው የሄዱትን። ወይዘሮ ፎርድ «አምኜ ዳንሁ» ይላሉ፤ እውነትም ነው። እነዚህኞቹም ቢሆኑ ብዙዎቹ መታመማቸውን አምነዋል፤ ያጡት ልጃቸውን ይዘው የሚገቡበትን ቤት ነው። ይህን ቤት መሥራት የታካሚዋ ሥራ አይደለም፤ የእኛ ነው።